ያውቁ ኖሯል? ሩት ነጋ፦ የአዲስ አበባዋ ልጅ ማርስ ላይም ተወልዳለች!

ከእንጦጦ ጋራ አፋፍ ላይ ቆመው አዲስ አበባን ቁልቁል አይተዋት ያውቃሉ? በዚያች ከፊትዎ በተንጣለለችው ከተማ የተወለደች አንዲት ልጅ ንግሥት ሆናለች፤ ልዑል ሆናለች፤ ዝነኛ ዘፋኝ ሆናለች፤ እሾህ የበቀለባት ፍጡርም ሆናለች! ስሟ ሩት ነጋ ነው። ቡናዎን ይያዙና ይከተሉኝ፤ ጉዱ ብዙ ነው! (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሩት አባት ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ ደግሞ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው! የአዲስ አበባ ፀሐይና የአየርላንድ ዝናብ በአንዲት ልጅ ተገናኙ!

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ወርደው ሸማኔ ሲሠራ ቆም ብለው አይተዋል? እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን በድሩ መሐል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያመላልሰዋል። ድሩ ሌላ፣ ማጉ ሌላ፤ የሚወጣው ግን አንድ ሸማ! ሩትም እንደዚያው ናት። ድሯ አዲስ አበባ፣ ማጓ ሊሜሪክ!

አገሯን ለቃ ስትሄድ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበረች! ያደገችው ሊሜሪክ በተባለች የአየርላንድ ከተማ ነው።

ሰባት ዓመቷ ላይ አባቷን በመኪና አደጋ አጣች። ከአባቷ ያገኘችው ስም ግን አልተለያትም፤ ዛሬ በዓለም ሲኒማ ቤቶች ግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፋል!

ትወና የተማረችው ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ መቼ እንደተመሠረተ ያውቃሉ? በ1592! ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑ ነው!

በ2004 በወጣው የመጀመሪያ ፊልሟ የተጫወተችው ማንን መሰለዎት? አየርላንዳዊት? አይደለም! ኢትዮጵያዊት? አይደለም! በሕገወጥ አዘዋዋሪዎች እጅ ወድቃ ደብሊን የደረሰች ናይጄሪያዊት ወጣት ሆና ነው!

ስመ ጥሩው የፊልም አዘጋጅ ኒል ጆርዳን ለአንድ ፊልሙ ተዋናዮችን ሲፈትን ሩትን አየ። አይቶም አልቀረ፤ እሷን ለማስገባት ሲል የጻፈውን ጽሑፍ አሻሻለው! ልብሱ ለሰው ሳይሆን ሰው ለልብሱ በሚለካበት ሙያ ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ይገምቱ!

በዚያው ፊልም አብሯት የተጫወተው ኪሊያን መርፊ ነበር፤ በኋላ ኦፐንሃይመርን ሆኖ ኦስካር የወሰደው ሰው!

በ2005 በአንድ አስፈሪ ፊልም ላይም ታይታለች። ሰውን የሚያስጨንቀው ፍጡር ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ከጫካ? ከመቃብር? ከላም ማህፀን! ታሪኩ የሚፈጸመው በአንድ የአየርላንድ የከብት እርባታ ግቢ ውስጥ ነው!

በ2006 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ከመላው አውሮፓ ተስፋ የተጣለባቸውን ወጣት ተዋንያን ሲያስተዋውቅ አየርላንድ የላከችው ማንን ነበር? የአዲስ አበባ ተወላጇን ሩትን!

«ሚስፊትስ» በተባለው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገላት ወጣት ሆናለች። አዲሱ ልብ ታዲያ ባዶውን አልመጣም፤ ከአንድ ቦታ ተሰውሮ ሌላ ቦታ የመገኘት ኃይል ይዞ መጣ! ልጅቷ ሳታስበው ብን ብላ ትጠፋለች!

«ላቭ ሄት» በተባለው ድራማ ደግሞ የደብሊን ወሮበሎች መሐል ገብታ ሮዚ የተባለችውን ወጣት ተጫውታለች። የአየርላንድ ተመልካች በየቤቱ ተሰብስቦ ያያት ነበር!

በ2011 ዌልሳዊቷን ዘፋኝ ሸርሊ ባሲን ሆና በቢቢሲ ቀረበች። ለዚህ ሥራዋም የአየርላንድን የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደች! የሚገርመው የሸርሊ ባሲ አባትም ከአፍሪካ፣ ከናይጄሪያ የመጡ ሰው ነበሩ!

ሸርሊ ባሲ ማን እንደሆነች ያስታውሳሉ? የጄምስ ቦንድን ፊልሞች ማጀቢያ ሦስት ጊዜ ያዜመች ብቸኛዋ ድምፃዊት ናት! እንግዲህ ይስሙ! በ2022 ሩት በኒው ዮርክ ብሮድዌይ የማክቤዝ ሚስት ሆና መድረክ ስትወጣ ባሏን ማክቤዝን የተጫወተው ማን ነበር? ዳንኤል ክሬግ፣ ራሱ ጄምስ ቦንድ! የቦንድን ዘፋኝ ሆና ጀምራ የቦንድ «ሚስት» ሆና አረፈችው!

በዚያ ተውኔት ለቶኒ ሽልማት ታጨች። ቶኒ ማለት ለአሜሪካ መድረክ ኦስካር ለፊልም እንደሚሆነው ያለ ክብር ነው!

በ2010 በለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር «ሃምሌት» ሲታይ ሩት ኦፊሊያ ነበረች፤ በልዑሉ ፍቅር የምትሰቃየዋ ምስኪን ልጅ! በ2018 ደብሊን በሚገኘው ጌት ቴአትር «ሃምሌት» እንደገና ሲታይስ? ሩት ራሱን ሃምሌትን ሆና ወጣች! በስምንት ዓመት ውስጥ ከተፈቃሪዋ ወደ ልዑሉ!

በእኛ አገር የቴአትር ጅማሬ ላይ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች እንደነበሩ ያውቁ ኖሯል? ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው! ሩት ያንን ገለበጠችው፤ ሴት ሆና የወንዱን ዘውድ ደፋች!

«ሃምሌት»ም «ማክቤዝ»ም በአማርኛ ይነበባሉ! ሁለቱንም ወደ ቋንቋችን የመለሷቸው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው። ሩት የገባችባቸው የሼክስፒር ቤተ መንግሥቶች ለእኛም ባዕድ አይደሉም!

የለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ተውኔቶቹን በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች ማስተላለፍ የጀመረው በ2009 ነው። የመጀመሪያው ሥርጭት «ፌድር» የተባለው ተውኔት ነበር። ዋናዋ ተዋናይት ሄለን ሚረን፣ ከአጠገቧ ደግሞ ሩት ነጋ! ታሪክ ሲጀመር እዚያው መድረክ ላይ ነበረች!

በዚያው ተውኔት አብሯት የተጫወተው ዶሚኒክ ኩፐር ነበር። በ«ዋርክራፍት» ፊልም እሱ ንጉሥ፣ እሷ ንግሥት ሆኑ! «ፕሪቸር» በተባለው ተከታታይ ደግሞ እሱ የቴክሳስ ሰባኪ፣ እሷ መሣሪያ ታጣቂ! አንድ ጥንድ ተዋንያን በግሪክ አፈ ታሪክ፣ በተረት ዓለምና በቴክሳስ አቧራ!

በማርቭል «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» ውስጥ ራይና የተባለችውን ሴት ስትጫወት መለያዋ ባለ አበባ ቀሚስ ነበር። አበባው ግን አልሰነበተም! በሁለተኛው ምዕራፍ መላ ሰውነቷ እሾህ ለበሰ! አበባ ለብሳ ገብታ እሾህ ሆና ወጣች!

ጉለሌን የሚያውቅ ሁሉ ፓስተርን ያውቃል፤ ጀርም በአጉሊ መነጽር ሥር የሚመረመርበትን ያን ስመ ጥር ግቢ! ሩትም በ2013 ነጭ ጋዋን ለብሳ እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ ገብታለች። «ወርልድ ዋር ዚ» በተባለው ፊልም የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም ነበረች! ወረርሽኙ ምን ነበር? ሰውን ሕያው ሬሳ የሚያደርግ ደዌ!

የፊልሙ ቤተ ሙከራ ያለበት ከተማ ካርዲፍ ነው። ካርዲፍ የማን ከተማ ናት? የሸርሊ ባሲ የትውልድ ከተማ! ሩት ዘፋኟን ከተጫወተች ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

የዚያ ፊልም መሪ ተዋናይ ብራድ ፒት ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ በ«አድ አስትራ» እንደገና ተገናኙ። አሁን ግን ምድር ላይ አይደለም! ሩት የማርስ ጣቢያ ኃላፊ ሆና ጠበቀችው። ገጸ ባሕርይዋ የተወለደችው እዚያው ማርስ ላይ ነው፤ ምድርን ያየችው በልጅነቷ አንዴ ብቻ! አዲስ አበባ የተወለደችው ልጅ ማርስ ላይም ተወለደች!

«ፕሪቸር» ላይ ቱሊፕን ሆና ስትመጣ ምን እንደሠራች ያውቃሉ? መጀመሪያ በበቆሎ ማሳ ውስጥ በሚከንፍ መኪና ከሰው ጋር ተናነቀች! ቀጥላ ሕፃናትን ረዳት አድርጋ ከቆርቆሮ ጣሳ ከባድ መሣሪያ ሠራች! በዚያም ሄሊኮፕተር መታ ጣለች! ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ክፍል ብቻ!

ድራማው የተሠራው ከሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ቱሊፕ ፀጉረ ወርቃማ ነጭ ሴት ናት! ሩት ግን ቱሊፕን የራሷ አድርጋ ወሰደቻት፤ አራት ምዕራፍ ሙሉ ተመልካች ሌላ ቱሊፕ አላማረውም!

ግንቦት 2016ን ይያዙልኝ! በዚያ አንድ ወር «ላቪንግ» የተባለው ፊልሟ በካን ፌስቲቫል ታየ፤ «ፕሪቸር» በቴሌቪዥን ጀመረ፤ «ዋርክራፍት»ም ሲኒማ ቤቶች መድረስ ጀመረ። በአንድ ወር ሦስት ሴቶች፦ የቨርጂኒያ ገጠሬ፣ የቴክሳስ ታጣቂ፣ የተረት ዓለም ንግሥት!

አሁን ወደ «ላቪንግ» እንሂድ፤ ትልቁ ድንቅ እዚህ ነው! ሚልድረድና ሪቻርድ ላቪንግ የእውነት ሰዎች ነበሩ። እሷ ነጭ አይደለችም፤ እሱ ነጭ ግንበኛ! በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡና ወደ ቨርጂኒያ ተመለሱ። ሙሽሮቹ በተኙበት ፖሊስ በሌሊት ገባባቸው! ወንጀላቸው መጋባታቸው ነበር!

የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር! ፖሊስ ግን እዚህ አይሠራም አለ! ፍርዱስ? አንድ ዓመት እስራት፤ እስሩ የሚቀርላቸው ለ25 ዓመት ግዛቲቱን ለቀው ከሄዱ!

ሚልድረድ ምን አደረገች? ብዕር አነሳች! ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች። ያች ደብዳቤ ጠበቆች አመጣች፤ ጠበቆቹ ጉዳዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። ሰኔ 12 ቀን 1967 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱላቸው!

ሪቻርድ ችሎቱ ላይ እንዳልተገኘ ያውቁ ኖሯል? ለጠበቃው የሰጠው መልእክት አንድ ብቻ ነበር፤ ሚስቱን እንደሚወዳት ለዳኞቹ እንዲነግርለት! ከዚህ የበለጠ ምን ክርክር አለ?

የአባወራው የቤተሰብ ስም ላቪንግ ምን ማለት እንደሆነ ልብ ብለዋል? «አፍቃሪ» ማለት ነው! በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ የሰፈረው «ላቪንግ ከቨርጂኒያ» የሚል ነው። አፍቃሪ ከግዛት ጋር ተሟግቶ ረታ!

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሥርጭት ሲጀምር ላቪንጎች ገና ፍርድ ቤት ይንከራተቱ ነበር! ያን ያህል ቅርብ ነው ዘመኑ!

ከሁሉም የሚያስደንቀው ይኸውልዎ! የሩት አባት ጥቁር፣ እናቷ ነጭ ናቸው። ያ ሕግ በነበረበት ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ ቢጋቡ ኖሮ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰሩ ይችሉ ነበር! ሩት የተጫወተችው የሌላ ሰው ታሪክ ነው፤ ግን የእሷም ወላጆች ታሪክ ሊሆን ይችል ነበር!

ፊልሙ እንዴት እንደሚጀምር ላሳይዎት። ሌሊት ነው፤ ደጅ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። የሌሊት ነፍሳት ይጮኻሉ። ሩት ፊቷን ሙሉ በሙሉ ሳታዞር ማርገዟን በዝግታ ትናገራለች። ከዚያ ዝም! እሱ እስኪመልስ ድረስ ዓይኗ ላይ ፍርሃትም ተስፋም ይመላለሳሉ። አንዲት ጠብታ እንባ የለም፤ አንድ ጩኸት የለም! የእርስዎ ትንፋሽ ግን ይቆማል!

የድሉ ዜና በስልክ ሲነገራትም አትጮኽም! አታለቅስም፣ አትዘልም! መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ፊቷ ቀስ ብሎ ይፈታል። ዓመታት የፈጀ ትግል በአንድ ፈገግታ ሲያበቃ ያያሉ!

ሁለቱን የቨርጂኒያ ገጠሬዎች የተጫወቱት እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ? ባልየው ከአውስትራሊያ የመጣው ጆኤል ኤጀርተን፣ ሚስትየው ከአዲስ አበባና ከአየርላንድ የመጣችው ሩት! አንዳቸውም አሜሪካዊ አይደሉም!

ለዚህ ሥራዋ ለኦስካር ምርጥ መሪ ተዋናይትነት ታጨች! አብረዋት የታጩት እነማን ነበሩ? ሜሪል ስትሪፕ፣ ኢዛቤል ኡፔር፣ ናታሊ ፖርትማንና ኤማ ስቶን! ሽልማቱን ኤማ ስቶን ወሰደች፤ የሩት ስም ግን ከእነዚያ ስሞች ጎን ለዘላለም ተጻፈ!

በዚያ ምሽት ቀይ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ቀሚሱ ላይ ያሰረችውን ሰማያዊ ጥብጣብ አስተውለዋል? ለላቪንጎች ጠበቃ ያቆመው የሲቪል መብቶች ማኅበር ምልክት ነው! በበዓሉ መሐል ባለውለታቸውን አልረሳችም!

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የአሜሪካው ቮግ መጽሔት የፊት ገጽ ላይ ማን ወጣች? ሩት ነጋ!

ትንሽ ወደኋላ ልመልስዎት። «ላቪንግ» ካን ከመድረሱ በፊት፣ በ2015፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ገብቶ ታየ፤ ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው! የካን ተመልካች በተከታታይ ሁለት ዓመት የአዲስ አበባ ልጆችን አጨበጨበላቸው!

ከዚያም በፊት በ2014 «ድፍረት» የተባለው ፊልም በአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል! በፊልሙ ጠበቃዋን የተጫወተችው የእኛዋ ሜሮን ጌትነት ናት። ሜሮንም ሩትም ሕግን በፍርድ ቤት የረቱ ሴቶችን ታሪክ ሠሩ፤ ሁለቱም ታሪኮች እውነተኛ!

ከእነዚህ ሁሉ ቀድመው በሆሊውድ ፊልም ከታዩት የእኛ ሰዎች አንዱ ማን እንደነበሩስ? አንጋፋው ደበበ እሸቱ በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ተጫውተዋል! ከ41 ዓመት በኋላ ደግሞ በእስራኤል በተሠራ ፊልም ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ወደ ልጆቻቸው ቤት የሚገቡትን አዛውንት ሆኑ። የታሪኩ መነሻ የሼክስፒር «ኪንግ ሊር» ነው! ሼክስፒር ከእኛ ተዋንያን እጅ አይወጣም!

ወደ ሩት እንመለስ! በ2021 «ፓሲንግ» የተባለ ፊልም ሠራች፤ በዚህ ዘመን፣ በጥቁርና ነጭ! ምስሉም እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጠበብ ያለ ነው። ታሪኩ ግማሽ ጥቁር ግማሽ ነጭ የሆነውን ዓለም በጥቁርና ነጭ ቀለም ያሳየናል!

በዚያ ፊልም ማንን ሆነች? ራሷን ነጭ አስመስላ የምትኖር ጥቁር ሴት! ነጭ ባሏ ጥቁሮችን ይጠላል፤ ያገባት ማንን እንደሆነ ግን አያውቅም! መጨረሻውን አልነግርዎትም!

በ«ላቪንግ» የሁለት ቀለሞችን ፍቅር በግልጽ ወጥታ ተሟገተች፤ በ«ፓሲንግ» ቀለሟን ደብቃ ኖረች! አንዲት ተዋናይት፣ ሁለት ተቃራኒ መልሶች! ለ«ፓሲንግ» የኢንዲፔንደንት ስፒሪት ሽልማትን ወሰደች፤ ለባፍታና ለጎልደን ግሎብም ታጨች!

በ2024 ደግሞ ቺካጎ ገባች! በስምንት ክፍሉ «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» ባሏ በግድያ የተከሰሰባትን ባርባራን ሆነች። ባልየውን የተጫወተው ጄክ ጂለንሃል ነው። በ2025 ለዚህ ሥራዋ የኤሚ ዕጩ ሆነች!

እስቲ አብረን እንቁጠር! ኦስካር ለፊልም፣ ኤሚ ለቴሌቪዥን፣ ቶኒ ለመድረክ! በሦስቱም ታጭታለች! ሦስቱ ሙያዎች ሦስት የተለያዩ ገበያዎች ናቸው፤ እሷ በሦስቱም ሸማዋን ዘርግታ ገዢ አላጣችም!

ዘመኑንም ይቁጠሩ! የሃምሌት ጥንታዊ ቤተ መንግሥት፣ የ1920ዎቹ ኒው ዮርክ፣ የ1960ዎቹ ቨርጂኒያ፣ የዛሬይቱ ደብሊን፣ የነገዋ ማርስ! ፊቷ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን አይመሳሰሉም!

የመጨረሻው ደግሞ ይኸው! የፊልም ዓለም ጋዜጠኛው፣ አዘጋጁ፣ አስተዋዋቂው ሁሉ ስሟን ሲጠራ በአማርኛ እየተናገረ እንደሆነ ያውቅ ይሆን? ለእነሱ የቤተሰብ ስም ነው። ለእኛ ግን ሌሊቱ ሲያልፍ፣ እንጦጦ ላይ ወገግ ሲል፣ በየቤታችን የምንለው ቃል ነው። የሲኒማ ቤቱ መብራት ይጠፋል፤ አዳራሹ ይጨልማል። ከዚያ በሸራው ላይ በትልልቅ ፊደል ብቅ ይላል፦ ነጋ!